ቤዝመንቱ ቀለም አልይዝ አለ

ጥያቄ፦ የቤዝመንታችን ግድግዳ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ውሃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባን፤ ሁለቱም በወራት ውስጥ ተነፋፍቶ ተላጠ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ውሃ ያመነጫል። የተሻለ ቀለም እንግዛ ወይስ ከውጭ እናስቆፍር?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። ውሃው ከግድግዳው ጀርባ እየገፋ ስለሚመጣ የትኛውንም ቀለም አንስቶ ይጥለዋል፤ ውድ ቀለም ቢበዛ ትንሽ ቆይቶ ይላጥ እንደሆነ ነው። ነጩ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን ጨው ነው። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ያሟሟውን ጨው ተሸክሞ ይወጣና እሱ ሲተን ጨው ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱ የታየበት ቦታ ውሃው የሚያልፍበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ለመቆፈርም አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። የአሸንዳው ቱቦ ይህን ሁሉ የሚያፈሰው ከግድግዳው ሥር ከሆነ ችግሩን በእጅዎ ያጠጡታል። ቱቦውን ከቤቱ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት። ቀጥሎ የግቢውን ተዳፋት በክርና በውሃ ልክ ይለኩ፤ መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መሠረት ሲሠራ የተመለሰ አፈር በዓመታት ውስጥ ይሰጥማል፤ ተዳፋቱም ወደ ቤቱ ይገለበጣል። ሲሞሉት ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር አምጥተው በደንብ ይጠቅጥቁ። አሸዋና ጠጠር ለዓይን ያማረ ቢሆንም ውሃውን ቀጥታ ወደ መሠረቱ ያወርደዋል። ይህን አድርገው ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ይጠብቁ። ብዙ ቤት እዚህ ላይ ይደርቃል።

ዝናብ በሌለበት ወቅትም እርጥበቱ ካልቀነሰ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ይጠርጥሩ፦ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ፤ ቁጥሩ ከጨመረ የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል።

ከዚያ በኋላ የተረፈውን ከውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ቀለሙንና የላላውን ልስን እስከ ባዶው ኮንክሪት ድረስ ያንሱ። ጨውን በደረቁ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ውሃ ካስቀደሙ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። መገናኛ መስመሩን 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አድርገው በመሮ ይቦርቡሩ፤ ውስጡ ከአፉ ሰፋ ይበል። አፉ ሰፍቶ ውስጡ ከጠበበ የተሞላው ነገር እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ ይወጣል። ውሃ ለማቆም የተሠራውን ቶሎ የሚይዝ ሲሚንቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ስለሚደርቅ አንድ እፍኝ አንድ እፍኝ እያደረጉ ብቻ ያቡኩ፤ ጓንት ማድረግ አይርሱ። ሞቅ ሲል ጠቅጥቀው እስኪጠነክር በእጅ ይያዙት። ውሃው ከደካማው ጫፍ ተጀምሮ ይዘጋል፤ በብዛት የሚፈሰው ቀዳዳ የመጨረሻው ይሁን። በላዩ ላይ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ቀላቅለው ጥጉን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በክብ ይሙሉት።

አሁን ሲሚንቶ ነክ የውሃ መከላከያ ቅብ ይቀባል። ከረጢቱ ላይ ከቅቡ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል ለሚመጣ የውሃ ግፊት እንደሚሆን መጻፉን ያረጋግጡ። ግድግዳውን አርጥቡት፤ ውሃው ተመጥቶ ላዩ ማብረቅ ሲያቆም የመጀመሪያውን እጅ አግድም፣ እሱ ሲጠነክር ሁለተኛውን ቁልቁል ይቀቡ። ሁለቱ ተደምረው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይሁኑ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይፈጃል። እርጥበቱ ከታየበት ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር አልፈው ያቁሙ፤ ለሦስት ቀን ውሃ እየረጩ ያቆዩት። በላዩ ጂፕሰም አይለስኑ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ አንድ ነገር ይቀድማል። በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ፊቱን ብቻ ሲደፍኑት ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል። በታችኛው ረድፍ በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስተው ያስወጡት።

መቆፈር የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ነው። ያኔ ግድግዳው ላይ ከውጭ ከሚለጠፈው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን (ሜምብሬን) በተጨማሪ ባለ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳሳ ቱቦ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ሆነው፣ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ይዞ በጠጠርና በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) ተሸፍኖ ይቀበራል። ከመሠረቱ እግር በታች ፈጽሞ አይቆፈርም፤ ዙሪያውንም በአንዴ ሳይሆን በክፍል በክፍል ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ሳይደገፍ ሰው አይገባበትም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ካበጠ ወይም መሃሉ ላይ አግድም ስንጥቅ ካለው ግን ጉዳዩ ከእርጥበት አልፏል፤ መሐንዲስ ይይ።

ጥያቄ፦ የእኛ ደግሞ ዝናብ ሳይጥልም ያልበዋል፤ በተለይ በሞቃት ቀን። መስኮቱን ብንከፍት ይባስ ይመስላል።

መልስ፦ ትክክል ነዎት፣ ይብሳል። ከውጭ የገባው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ለማረጋገጥ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች አጣብቀው ለሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ከክፍሉ በኩል ከሆነ ጤዛ ነው፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከአፈሩ የመጣ ውሃ። ሁለቱም ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ከአፈሩ ይጀምሩ። ለጤዛው መስኮቱን በቀዝቃዛው ሰዓት፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ይክፈቱ፤ የታጠበ ልብስ እዚያ አያስጡ፤ ዕቃም ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ጥያቄ፦ እርጥቡን ወለል በሴራሚክ መሸፈን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። እርጥበቱ በመጋጠሚያዎቹ ይወጣል፤ ወይም ወደ ግድግዳው ዞሮ እስካሁን ደረቅ የነበረውን ያረጥበዋል።