አራት ቀን ካላችሁ አራት ከተማ አትሩጡ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ረጋ ያለ ጉዞ፣ ማለትም ብዙ ቦታ ከማዳረስ አንድ ቦታ ሰንበት ብሎ ስለመጎብኘት፣ ጥያቄ በርክቶብኛል። ግማሹ ከተጓዥ ነው፣ ግማሹ ከእንግዳ ተቀባይ። የተወሰኑትን ልመልስ።

«ፈቃዴ አራት ቀን ብቻ ነው። አርባ ምንጭን፣ ኮንሶን፣ ጂንካንና ቱርሚን በአንዴ ላዳርስ አስቤያለሁ። ረጋ ማለት ጊዜ ለተረፈው ሰው አይደለም ወይ?» (ከአዲስ አበባ)

አይደለም ወንድሜ። ጊዜ ያጠረው ሰው ነው ይበልጥ ረጋ ማለት ያለበት። ያሰብከውን መንገድ ተመልከተው፤ ከአራቱ ቀን አብዛኛውን የምታሳልፈው መኪና ውስጥ ነው፣ ቱርሚ ስትደርስ ደግሞ የመመለሱ ሐሳብ ይይዝሃል። ሦስቱን ለሌላ ጊዜ ተዋቸው። አርባ ምንጭ ሂድ፣ አንድ ቀን ለጫሞ ሐይቅ ስጥ፣ ከዚያ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ወጥተህ ዶርዜ ሁለት ሌሊት እደር። ከታች ሙቀት ነው፣ ላይ ግን ይበርዳል፣ ጃኬት እንዳትረሳ።

ዶርዜን ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ጨርሶት ይሄዳል። መኪና ይቆማል፣ የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤት ፎቶ ይነሳል፣ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀመሳል፣ በቃ። ያደረ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ሴቶቹ እንሰቱን ጣውላ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ሲፍቁት ቃጫው ለብቻው ይቀራል፣ የተፋቀው ደግሞ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀበርና እስኪብላላ ድረስ ወራት ይቆያል። ያቺ የቀመስካት ቂጣ ስንት እጅና ስንት ወር እንደፈጀች የሚገባህ ያኔ ነው። ቤቱንም ልብ ብለህ እየው። ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎንበስ ካላልክ የማያስገባህ ቤት ካጋጠመህ ዕድሜ ጠገብ ነው። ቦታው ሲበላሽ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ያዛውረዋል። ይህን የሚነግርህ በሩጫ ላይ ያለ አስጎብኚ አይደለም፣ ማታ እሳት ዳር አብረሃቸው የምትቀመጠው የቤቱ ሰዎች ናቸው።

«ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። ብዙ ቀን የሚቀመጥ እንግዳ ቅናሽ ይለምነኛል፣ የአንድ ሌሊቱ ግን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። የቱ ይሻለኛል?»

እናስላው። ክፍሉ በሌሊት 1,500 ብር ነው እንበል። በሳምንት አርብና ቅዳሜን ብቻ በሙሉ ዋጋ ቢያከራዩ 3,000 ብር አገኙ፣ ሌላው ቀን ባዶ አደረ። አንድ ሰው በ1,200 ብር አምስት ሌሊት ቢቀመጥ ግን 6,000 ብር ነው፣ ለዚያውም አንሶላው በየቀኑ ሳይታጠብ፣ ክፍሉ በየቀኑ እንደ አዲስ ሳይዘጋጅ። እርስዎን የሚጎዳዎት ቅናሹ ሳይሆን ማክሰኞና ረቡዕ ባዶ የሚያድረው ክፍል ነው።

ስለዚህ ቅናሹን በልክ ያድርጉት። ከሦስተኛው ሌሊት ይጀምር፣ የሥራ ቀናትን ይጨምር፣ ለበዓል ሰሞን አይሥራ። ሌላው ነገር፣ እንግዳ ቀን የሚጨምረው ነገ ምን እንደሚያደርግ ሲያውቅ ነው። በጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያራግፉ እንዲያይ ይንገሩት፣ ጉማሬ ለማየት በጀልባ የሚወስደውን ልጅ ያገናኙት፣ ልብስ የሚያሰጣበት ገመድና የሚጽፍበት ጠረጴዛ ይስጡት። ሰነባብቶ የሚቀመጥ እንግዳ እራቱን እዚያው ይበላል፣ ከሰፈሩ ሱቅ ይገዛል፣ ባጃጁንም ያውቀዋል። ገንዘቡ ለብዙ ሰው ይደርሳል ማለት ነው፣ እኔ ይህን ጉዞ አጥብቄ የምወደውም ለዚህ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም?»

ስሙን ካልክ አዎ፣ ከጣሊያን የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሮም መሐል የፈጣን ምግብ ቤቱ ማክዶናልድስ ሲከፈት ጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ካርሎ ፔትሪኒና ጓደኞቹ ተቃወሙ፣ ከዚያ የዝግታ ምግብ እንቅስቃሴ መጣ፣ በ1999 የዝግታ ከተሞች ማኅበር ተመሠረተ፣ ጉዞውም በዚያው ተከተለ። ፋሽን የሚሆነው ግን አንድ ድርጅት ያንኑ የጥድፊያ ጉዞ ስሙን ቀይሮ በውድ ሲሸጥልህ ነው። ከመክፈልህ በፊት በየቦታው ስንት ሌሊት እንደምታድር፣ ምግቡን ማን እንደሚሠራ፣ አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ።

«ልጆቼ 11 እና 14 ዓመታቸው ነው፣ ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው። ባለፈው ስንመጣ ከሙዚየም ሙዚየም ስናዞራቸው አኮረፉ። ዘንድሮ ሦስት ሳምንት አለን።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

አይዞሽ እህቴ፣ ልጆች የሚሰለቹት ሲጎተቱ ነው። ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ለዘመድ፣ አንዱን ለሐረር ስጪው፣ ሦስተኛውን አታቅጂው።

ሐረርን የመረጥኩት ጀጎል በግንብ የታጠረ፣ በእግር የሚያልቅ ከተማ ስለሆነ ነው። ብዙ ጎብኚ ከድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ያያል፣ ይመለሳል። እናንተ ግንቡ ውስጥ፣ እንግዳ ከሚቀበሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አንዱ ውስጥ እደሩ። ልጆቹ ከፍና ዝቅ ባለው መደብ ላይ ይቀመጡ፣ ግድግዳውን የሞላውን ስፌት የቤቱ እመቤት ታስረዳቸው። በሁለተኛው ቀን ዳቦ የሚገዙበትን ሱቅ ራሳቸው ያገኙታል፣ በሦስተኛው ቀን አንቺን መንገድ ያሳዩሻል። ጅቡንም አንድ ቀን ብቻ አይተው አይጠግቡም። ስልካቸውን አትንጠቂያቸው፣ ብቻ በቀን አንድ ሥራ ስጫቸው፦ ገበያ ሄደው በአማርኛ ተከራክረው ማንጎ ይግዙ።

«ወንጪ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር እናስጎበኛለን። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እንዴት እናሳድረው?»

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፣ ስሙን ማስተዋወቅ አይቸግራችሁም። የሚቸግረው ሌሊቱ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የሚያሞቅ ብርድ ልብስ፣ ትኩስ ውሃ በባልዲም ቢሆን። እነዚህ ሳይሟሉ ማንንም እደር አትበሉ። ቀጥሎ ለአዳሪ ብቻ የሚሆን ነገር አዘጋጁ፤ ጎህ ሲቀድ በፈረስ የሐይቁን ጠርዝ መዞር፣ ሰው ሳይበዛ በጀልባ ሐይቁ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ደሴት መሻገር።

ከሁሉ የሚበልጠው ገቢው የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ሰሜን ወሎ፣ መቄትና ላስታ ውስጥ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ጉዞ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግር ይሄድ ነበር፣ ዕቃውን አህያ ይሸከማል፣ የሚያበስለውም የሚያስተናግደውም የመንደሩ ሰው ነው፣ ገቢውም ለመንደሩ ይገባል። ዛሬ አካባቢው ሰላም አጥቶ ሥራው ተጎድቷል፣ አሠራሩ ግን ሊቀዳ የሚገባው ነው። ፈረሰኛው በተራ ይውጣ፣ ዋጋው መግቢያው ላይ ይለጠፍ፣ እንግዳ ላይ መሻማት ይቅር። አንዴ የተዋከበ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም፣ ላልመጣውም ያወራል።

«መኪና የለኝም። ሰላሙስ?»

መኪና አያስፈልግህም፣ አንድ ቦታ ነው የምትቀመጠው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሚኒባስ አለ፣ ሐረር ውስጥ እግርህና ባጃጅ ይበቁሃል። ሰላሙን በተመለከተ ከመነሳትህ በፊት የምታድርበት ቤት ደውልና የዚያን ሳምንት መንገድ ጠይቃቸው፣ ከሦስት ወር በፊት የሄደ ጓደኛህን አይደለም። በጠዋት ተነሳ፣ በጨለማ አትጓዝ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ካሉህ ቀኑን ቀይር።