ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራው ቶማስ፦ ስለ እንጨት ባቡሮች ለጠየቃችሁኝ

የእንጨት ባቡር ነገር ይህን ያህል ሰው ያነጋግራል ብዬ አልጠበቅኩም። ጥያቄው ስለበዛ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለሰማያዊው የተረት ባቡር ለቶማስና ለጓደኞቹ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ እዚሁ ተናግሬ ልለፍ።

ጥያቄ፦ ቶማስን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ባለቤቴ ግን «መጀመሪያ የእንጨት መጫወቻ ነበር» ብላ ድርቅ አለች። ማናችን ነን ልክ? — የተሸነፈ የሚመስለው ባል

ተሸንፈሃል ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። ቶማስ ቴሌቪዥን ላይ የወጣው በ1984 ነው። የእንጨቱ ቶማስ ደግሞ ከዚያ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ይቀድማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊልበርት ኦድሪ የሚባል እንግሊዛዊ የአንግሊካን ቄስ ነበር። በ1943 ትንሹ ልጁ ክሪስቶፈር ኩፍኝ ይዞት ተኛ። አባት ልጁን ለማባበል የባቡሮች ተረት ይፈጥርለት ጀመር። ልጁ ደግሞ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ ተረቱ ሲያልቅ ባቡሩን እራሱን አምጣልኝ አለ። የፈለገው ከተረቱ ባቡሮች ትልቁን፣ ጎርደንን ነበር። ግን ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፣ ዕቃ የለም፣ ለጎርደን የሚበቃ እንጨት ከየት ይምጣ? ኦድሪ ከመጥረጊያ እጀታና ከቁርጥራጭ እንጨት ትንሽ ባቡር ጠርቦ ሰማያዊ ቀባና ሰጠው። ስሙ ቶማስ ተባለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945 ሲወጣ ቶማስ ገና የለበትም፤ የገባው በ1946 በወጣው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ መጫወቻው ከመጽሐፉም ይቀድማል። ባለቤትህ ይህን ካነበበች ሳምንቱን ሙሉ አትለቅህም።

አንተንም ለማጽናናት ያህል፦ ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሻሙበት፣ በሱቅ የተሸጠው የእንጨት ቶማስ የመጣው ከቴሌቪዥኑ በኋላ ነው። ብሪት ኦልክሮፍት የምትባል ፕሮዲዩሰር ተረቱን ወደ ቴሌቪዥን አመጣችው፤ ተራኪው የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ነበር። በ1989 አሜሪካ ገባ፣ የአሜሪካ ሕፃናት አበዱለት። ለርኒንግ ከርቭ የሚባል የቺካጎ ድርጅት በ1992 ፈቃዱን ወሰደና የእንጨት ባቡሩን መሥራት ጀመረ። የሰብሳቢዎች ታሪክ የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ የብሪዮ ሐዲድ አለኝ። የቶማስ ባቡሮች ይሄዱበታል? ደግሞ ለምንድን ነው አንዳንዱ ፉርጎ ከባቡሩ ጋር አልያያዝ ብሎ የሚሸሸው?

ይሄዱበታል። እንዲያውም ሆን ተብሎ ነው እንዲገጥሙ የተደረጉት። ብሪዮ የሚባለው የስዊድን የመጫወቻ ድርጅት የዚህ ሁሉ ነገር ታላቅ ወንድም ነው። በደቡብ ስዊድን ቦአልት በምትባል ትንሽ መንደር ኢቫር ቤንግትሶን የተባለ ሰው በ1884 ከስንጥር እንጨት ቅርጫት እየሠራ ነው የጀመረው። በ1908 ሦስት ልጆቹ ተረከቡትና «የኢቫርሶን ወንድማማቾች፣ ኦስቢ» የሚለውን (ኦስቢ የከተማ ስም ነው) በስዊድንኛ አሳጥረው ብሪዮ አሉት። የእንጨት ባቡሩ የወጣው በ1958 ነው። ከቢች ዛፍ የተሠራ፣ በአንዱ ጫፍ ጉጥ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ያለው ሐዲድ። ይኼ አሠራር የዓለም ልክ ሆኖ ቀረ። በኋላ የመጣ ሁሉ፣ ለርኒንግ ከርቭን ጨምሮ፣ ወላጆች ቤት ያለውን የብሪዮ ሐዲድ አይቶ ነው ባቡሩን የሠራው። ብሪዮ ራሱ ከ2015 ጀምሮ የጀርመኑ ራቬንስቡርገር ንብረት ነው።

የሚሸሸው ፉርጎ ደግሞ አልተበላሸም። ማግኔት ሁለት ዋልታ አለው፤ ተመሳሳዩ ይገፋፋል፣ ተቃራኒው ይሳሳባል። ባቡሩ ፊቱ ላይ አንዱን፣ ኋላው ላይ ሌላውን ነው የተሸከመው። ፉርጎውን አዙሪና ሞክሪ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ እጅ የእንጨት ሐዲድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ሁሉም ላይ በአግድም የተቆረጡ ጭረቶች አሉ፣ አንድ ሰው በመጋዝ የተጫወተበት ነው የሚመስለው። ሻጩ ሸወደኝ? — የተጭበረበረ አያት

አባቴ፣ ማንም አልሸወደዎትም። እስቲ አንድ ባቡር ያስኪዱበት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል አይደል? እንደ እውነተኛ ባቡር። ይህ ክሊከቲ ክላክ የሚባለው ሐዲድ ነው። ከጭረቶቹ ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ከመጫወቻው ይበልጣል፣ እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የባቡር ወሬ የምወደው ይህን ነው።

በ1993 መጀመሪያ ለርኒንግ ከርቭ ገና አዲስ ነው፤ ፈቃዱን ይዟል፣ ባቡሩን እያመረተ ነው። ችግሩ ሐዲዱ ነው። የሁሉም ሐዲድ አንድ ዓይነት ነው፣ የእሱን ከብሪዮ የሚለየው ነገር የለም። በየካቲት ወር የድርጅቱ ሰዎች ቶሮንቶ ድረስ ሄደው ፕሌይዉድ የተባለ ትንሽ የካናዳ መጫወቻ ሠሪ ዘንድ ገቡ። ሐዲዱን የሚያመርትላቸው ይፈልጉ ነበር። «የምንነጋገረው በመካከላችን ይቅር» ብለው ተስማሙ። በቃል ብቻ ነው፣ ወረቀት የለም። ወሬው ሐዲዱን እንዴት እንለየው ወደሚለው ሲመጣ የፕሌይዉድ ባለሙያ መጋዙን አንስቶ እዚያው ፊታቸው ሐዲዱ ላይ አግድም ጭረት አወጣበትና ባቡር አስኬደበት። ጮኸ። የዚያ ቀን ድምፅ ነው ዛሬ እርስዎ ቤት የሚሰማው።

ሰዎቹ ተመልሰው ሄዱ፣ ሥራውንም ለሌላ አምራች ሰጡ። በታኅሣሥ 1994 ፕሌይዉዶች በመጫወቻ ሱቅ ውስጥ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ቀጭ ቀጭ የሚል ሐዲድ፣ የለርኒንግ ከርቭ ስም ያለበት። ሐሳባችን ነው ብለው ጻፉ። የሚገርመው ቀድሞ ፍርድ ቤት የሄደው ለርኒንግ ከርቭ ራሱ ነው፤ «ሐሳቡ የእነሱ አይደለም በሉልኝ» ብሎ። ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ግን ለፕሌይዉድ ፈረደ። ከዚያ ዳኛው የጁሪውን ውሳኔ ሻረው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ወጪ የተፈጠረ፣ ሱቅ ገብቶ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር እንዴት የንግድ ምስጢር ይሆናል ከሚለው ክርክር ጋር ተስማማ ማለት ነው። በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ ዳኛውን ሻረና ጁሪው ልክ ነው አለ። ሐሳቡ ርካሽ መሆኑና ቶሎ መምጣቱ ዋጋ አያሳጣውም፤ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ምስጢር ነበር፤ በቃል የተገባው ቃልም ቃል ነው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የንግድ ምስጢር ሲያስተምሩ የሚነሳ ነው። የእንጨት ሐዲድ ላይ የተቆረጠ ጭረት!

ስለዚህ አያቴ፣ ሐዲዱን በአሸዋ ወረቀት ለማለስለስ አስበው ከሆነ እባክዎ ወረቀቱን ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ እህቴ የልጆቿን የድሮ ባቡር ለልጄ ሰጠችኝ። ቀዩ ባቡር ጄምስ አለበት። ስለ ቀለሙ የሆነ ነገር ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ይህንን በቀልድ አላልፈውም። በ2003 ለርኒንግ ከርቭን የገዛው አር ሲ ቱ የተባለው ድርጅት በሰኔ 2007 ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ የቶማስ የእንጨት መጫወቻ ከገበያ ሰበሰበ። ቻይና ውስጥ የተመረቱት ላይ የተቀባው ቀለም ሊድ (የእርሳስ ማዕድን) ነበረበት። ሊድ ለሕፃን አእምሮ መርዝ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ባቡርን በእጁ ብቻ አይደለም የሚጫወትበት፣ በአፉም ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ቀዩ ጄምስና የድንጋይ ከሰል ፉርጎው ነበሩ፤ ሌሎች ቀይና ቢጫ የተቀቡ ነገሮችም ነበሩ። የተሸጡት ከጥር 2005 እስከ ሰኔ 2007 ነው። ከሥር የተጻፈው የምርት ኮድ ውስጥ «ደብልዩ ጄይ» ወይም «ኤ ዜድ» የሚሉት ፊደላት ካሉበት ከዚያ መሰብሰብ ነፃ ነው ተብሎ ነበር።

ጉድ የሚባለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ድርጅቱ ባቡራቸውን ለመለሱ ወላጆች ይቅርታ መጠየቂያ ተጨማሪ ፉርጎ በስጦታ ላከ። በመስከረም ሌላ 200,000 ገደማ መጫወቻ ሲሰበሰብ ከስጦታዎቹም አንዳንዶቹ ሊድ ያለበት ቀለም ተቀብተው ተገኙ። ይቅርታውም ይቅርታ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። የዚያ ዓመት ጣጣ የቶማስ ብቻ አልነበረም፣ ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶችም ሰብስበዋል። በነሐሴ 2008 አሜሪካ አዲስ ሕግ አወጣች፤ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው ሊድ ከሚሊዮን 600 እጅ የነበረው ወደ 90 እንዲወርድ ተደረገ።

አንቺ ምን ታደርጊ? ጄምስን ገልብጪና ኮዱን እዪ። የዚያ ዘመን ከሆነ፣ ወይም ኮዱ ጠፍቶ እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ ለልጅ አትስጪው። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ለሌላ ሰው ልጅም እንዳትሰጪው ደግሞ፤ «ለእኔ አልሆነም፣ ለአንቺ ይሁን» የሚባል ዕቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ግማሽ አካሉ ያልተቀባ፣ ጥሬ እንጨቱ የሚታይ ቶማስ አየሁ። ፎርጅድ ነው አይደል?

አይደለም፣ ኦሪጅናል ነው። እንዲያውም ብዙ ሰብሳቢ «ፎርጅድ በሆነ ኖሮ» እያለ የተመኘው ነው።

የእጅ ለውጡን ላሳጥርልህ። በ2011 የጃፓኑ ቶሚ አር ሲ ቱን ገዛ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የባርቢው ማቴል የቶማስን ባለመብት ሂት ኢንተርቴይንመንትን በ680 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። አንዱ ፋብሪካውን ያዘ፣ ሌላው ስሙን። ስም ያሸንፋል። የእንጨት ባቡሩ በ2013 ወደ ማቴል ፊሸር ፕራይስ ዞረ። በ2017 ማቴል መልኩን እንቀይር አለና ከቀለሙ ቀንሶ እንጨቱ እንዲታይ አደረገ፣ ስሙንም ከ«ዉድን ሬይልዌይ» ወደ «ዉድ» አሳጠረው። ያየኸው እሱ ነው።

እኔ ብቻዬን ልሁን እንጂ አልጠላውም። የመጀመሪያው ቶማስም ቁርጥራጭ እንጨት ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማያዊውን የሰበሰበ ሰው ስብስቡ አጠገብ ግማሽ እርቃኑን የቆመ ቶማስ ሲያይ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ማቴልም ገባው መሰለኝ፣ በ2022 ሙሉ ቀለሙንና የድሮ ስሙን መለሰለት። ስለዚህ ያ እርቃኑን ያለው ቶማስ የጥቂት ዓመት ልጅ ነው። ዛሬ የሚጠሉት ሰዎች ነገ ይፈልጉት ይሆናል፣ ሰብሳቢ እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የልጅነቴ ቶማስ ተገኘ! ማግኔቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሩ ስም የለውም። ፊቱ ግን ተልጧል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የጥርስ ምልክት አለ (የእኔ ነው)። አድሼ ቀለም ልቀባው?

ብሩሹን አስቀምጥ!

ጠፍጣፋ ማግኔት ማለት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጅ ነው። ክብ ማግኔት በኋላ ነው የመጣው፣ ከሥር ስም መጻፍም እንዲሁ። ሰብሳቢ ባቡር ሲሰጡት መጀመሪያ ፊቱን አያይም፣ ገልብጦ ሆዱን ነው የሚያየው። ዘመኑ የሚነበበው እዚያ ነው። አዲስ ቀለም ከቀባኸው ግን ያንን ሁሉ ሸፈንከው፣ ዋጋውም ወረደ። የተላጠ ኦሪጅናል ከተቀባ «አዲስ» ይሻላል፣ በዚህ ሰብሳቢዎች አይጨቃጨቁም። በሌላው ነገር ሁሉ ይጨቃጨቃሉ።

አቧራውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረግለትና ወዲያው አድርቀው። ውኃ ውስጥ እንዳትነክረው፤ እንጨቱ ያብጣል፣ የጎማዎቹ ዘንግ ዝገት ይይዘዋል። ካርቶኑ ካለ አትጣለው፣ የተቀደደም ቢሆን።

የጥርሱን ምልክት በተመለከተ፣ ልሽጠው ካልክ ዋጋ ይቀንስብሃል። ካልሸጥከው ግን ከአንተ ሌላ ማንም የሌለው ቶማስ ነው ያለህ።