ስለ ባርኮድ፦ ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከሐዋሳ ስለ ባርኮድ የጻፋችሁልኝ ስለበዛችሁ የዛሬውን ቦታ ለእናንተ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ሚኒ ማርኬት አለኝ፤ ስካነር ልገዛ ነው። ዋጋው መስመሮቹ ውስጥ አለ ወይስ እኔ ነኝ የማስገባው?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። መስመሮቹ የያዙት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ባሉ ዕቃዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 13 አሃዝ። ስካነሩ ቁጥሩን ያነባል፣ ስሙንና ዋጋውን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገብ ነው። ብስኩት ሲወደድ መዝገቡን ካልቀየሩ ካሸሯ በድሮው ዋጋ ስትሸጥ ትውላለች። ስለዚህ ዋናው ሥራ ምዝገባው ነው፤ እሱን በወጉ ይጨርሱ።

ምስርና ስኳር ራስዎ እያሸጉ የሚሸጡ ከሆነ በ2 የሚጀምር ቁጥር ይስጡት። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የተተወ ነው፤ ከሱቅዎ ውጪ ግን አይሠራም። ሌብሉን ሲያሳትሙ ጥቁር በነጭ ይሁን። ብዙ ስካነሮች በቀይ ብርሃን ስለሚያነቡ ቀይ መስመር አይታያቸውም።

ጥያቄ፦ በ690 የሚጀምር ሁሉ ቻይና የተሠራ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች የሚናገሩት ድርጅቱ ቁጥሩን ያወጣበትን አገር ነው። ዕቃው ሌላ ቦታ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሸጊያ ክፍል ነው የምሠራው። የሸሚዙና የካርቶኑ ባርኮድ ለምን ይለያያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ አስተውለሻል። የሸሚዙ ቁጥር ዓይነቱን፣ ቀለሙንና መጠኑን ይለያል፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሺህ ሸሚዞች አንድ ቁጥር ይኖራቸዋል። ካርቶን ላይ ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው ባርኮድ ካየሽ 14 አሃዝ የያዘው ነው። ቀለም ካርቶን ላይ ስለሚፈስ መስመሮቹ ሰፋ ተደርገው ይታተማሉ። ፍሬሙ ደግሞ ስካነሩ ጠመም ብሎ ቢያልፍ ቁጥሩን በግማሽ እንዳያነብ ይከላከላል። ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ባለ 18 አሃዝ ባርኮድ ግን ለየት ይላል፤ የዚያ የአንዱ ካርቶን ብቻ መለያ ነው። እሱ የተቀያየረ እንደሆነ የተላከው ሌላ፣ የተመዘገበው ሌላ ይሆናል። ስትለጥፊ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ፓኬት ላይ ያለችው ትንሽ ካሬ ኪውአር ናት?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ዳታ ማትሪክስ ናት። ኪውአር ሦስት ጥጉ ላይ ካሬዎች አሉት፤ ዳታ ማትሪክስ ግን በግራና በታች ድፍን መስመር አላት። በጠባብ ቦታ የመድኃኒቱን መለያ፣ የባች (አብሮ የተመረተ ስብስብ) ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ትይዛለች፤ ብዙ ጊዜም የዚያን ፓኬት ብቻ ተከታታይ ቁጥር። አንድ ባች ችግር ቢገኝበት ፋርማሲው ያንኑ ለይቶ ከመደርደሪያ ማንሳት ይችላል። ለእኔ ከባርኮድ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ካፌዬ ውስጥ የለጠፍኩት የክፍያ ኪውአር ጠርዙ ተቀዷል፤ ግን ይሠራል። እንዴት?

መልስ፦ ኪውአር በ1994 ጃፓን ውስጥ ለመኪና መለዋወጫ ክትትል ሲሠራ ጉዳት እንዲችል ተደርጎ ነው። እንደ አሠራሩ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል። ቢሆንም ይቀይሩት። ከሁሉ በላይ ሌላ ሰው በላዩ ላይ የራሱን ኮድ እንዳልለጠፈበት ጠዋት ጠዋት ይዩ። ከፋዮችም ፒን ከማስገባታችሁ በፊት ስልኩ ላይ የወጣው ስም የካፌው መሆኑን አረጋግጡ።