«ማንም ማወቅ የለበትም» የተባለው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ የሠራተኞችን ስክሪን ምስል በየ5 ደቂቃው እያነሳ ወደ እሱ ኮምፒውተር የሚልክ ፕሮግራም እንድሠራ አዘዘኝ። «ማንም ማወቅ የለበትም» ብሎኛል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጨርሼዋለሁ፤ ግን ሆዴ አልቆረጠም። ነገ ጣጣ ቢመጣ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ኮዱን መጻፍ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስክሪንሾት (የስክሪን ምስል) የሚያነሳ ፕሮግራም ለማስተማርም፣ ብልሽት ለመመዝገብም ይጠቅማል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 7 የሚቀጣው ለወንጀል ብቻ የታሰበን ፕሮግራም እያወቀ የሚያዘጋጅን ሰው ነው። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ክርክሩን የምታበላሸው «ማንም ማወቅ የለበትም» የምትለዋ ትዕዛዝ ናት።

ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው። አሠሪው ሥራ መሠራቱን ቢከታተል አይፈረድበትም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ ግን የድርጅቱ አይደለም። አንዷ በምሳ ሰዓት በቴሌግራም ከእህቷ ጋር ታወራለች፤ ሌላው የባንክ ሒሳቡን ያያል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ከአንድ ሰው 96 ምስል ይሰበሰባል ማለት ነው። እህትየዋ ደግሞ ጭራሽ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለችም! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ መልእክትንም ጨምሮ ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰብሳቢው ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅ፣ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይወስድ ያዛል።

«አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ብዙ አያድንም። በቃል ያዘዘ አለቃ ነገር ሲከር ይረሳል። ስለዚህ ትዕዛዙን በኢሜይል ያስጽፉ። በዚያው ኢሜይል አማራጭ ያቅርቡለት፦ ሠራተኞቹ አንብበው የሚፈርሙበት መመሪያ ይውጣ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ምልክት ይታይ፣ በምሳ ሰዓት ይቁም፣ ምስሎቹም በጥቂት ቀናት ይጥፉ። ይህ ለእርስዎ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም፤ ሲሞክሩት የማንን ስክሪን አነሱ? የራስዎን ከሆነ ችግር የለውም። የባልደረባ ከሆነ ምስሉን ለማንም ሳያሳዩ ይንገሩትና ምን እንደሚደረግ አብራችሁ ወስኑ።

አለቃዎ «በድብቅ ካልሆነ» ካለ፣ አይጫኑት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚገደደው በውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት ለሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። እምቢታዎን አጠር አድርገው በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂውንም ቤትዎ ያስቀምጡ። በዚህ ሰበብ ቢያሰናብትዎት መጀመሪያ የምጠይቅዎ እሱን ወረቀት ነው።