«ሰዓቱን በ12 ሰዓት ያሳዩ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚዞር የስሪዲ ሰዓት ፕሮግራም አለ። የሚከፈተው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ከትእዛዙ ጎን ከሰረዝ ቀጥሎ የሚጨመሩትን አማራጮች ማብራሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱን «ሰዓቱን በ12 ሰዓት ያሳዩ» አልኩት፤ ፕሮግራሙን ደግሞ «ተንቀሳቃሽ ሰዓት»። ጓደኞቼ ግራ ገባን አሉኝ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን እኔም ሰፈሬ ላለች ተማሪ አነበብኩላት። «ሲነጋ ነው ሲመሽ?» አለችኝ። ልክ ናት። የባጃጅ ሹፌር «በ12 ሰዓት ፒያሳ ጠብቀኝ» ቢባል የሚገባው እንደዚያ ነው። እርስዎ የፈለጉት አቆጣጠሩን ነበር፤ የወጣው ግን ቀጠሮ ሆነ።

«ሰዓት» ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ሰዓት ነው። 60 ደቂቃም ሰዓት ነው። «ስንት ሰዓት ነው?» ስንልም እሱው ነው። ይሄ የአማርኛ ድህነት አይደለም። ቃሉ ከግእዝ የወረስነው ነው፤ የዓረብኛው ዘመዱ «ሳዓ»ም ዕቃውንም 60 ደቂቃውንም ይጠራል። ግን አንድ አጭር መስመር ላይ ሁለቴ ሲገባ አንባቢ ይደናገራል። አንዱን ያውጡት፦ «ሰዓቱን ከ1 እስከ 12 እየቆጠረ ያሳያል»። የ24 ሰዓቱን አማራጭ ደግሞ «ሰዓቱን ከ0 እስከ 23 እየቆጠረ ያሳያል» ይበሉት።

«በፈረንጅ አቆጣጠር» የሚለውንም እባክዎን አይርሱ። ስክሪኑ ጠዋት 8 ሲል እኛ 2 ሰዓት ነው የምንለው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስክሪኑ ከቀትር በኋላ 2 ሲል ደግሞ ቁጥሩን ሳይቀይሩ አጠገቡ «ከሰዓት» ብቻ ቢጽፉ «ከሰዓት 2» ይመጣል። እንደዚህ የሚል ሰው የለም፤ 8 ሰዓት ነው የምንለው።

አሁን ወደ ግሡ። «ያሳዩ» ካሉ አንባቢውን ነው ያዘዙት፤ አሳዪው ግን ፕሮግራሙ ነው። «አሳይ» ማሽኑን ማዘዝ ነው፣ ለሚጫኑት ቁልፍ ያምራል። ማብራሪያ ግን አማራጩ ምን እንደሚሠራ መንገር ስላለበት «ያሳያል»፣ «ይደብቃል»፣ «ያዞራል» ይሁን። እንግሊዝኛው በአንድ ቅርጽ ሁሉንም ያልፈዋል። አማርኛ ግን አድራጊው ማን እንደሆነ ሳይለይ ግሥ አያስረባም፤ እኔ ይህን ጠባዩን በጣም ነው የምወደው።

«ተንቀሳቃሽ ሰዓት»ን ይተዉት። ተንቀሳቃሽ ስልክ የለመደ ጆሮ ይዘውት የሚዞሩት ዕቃ ነው የሚመስለው። «የሚንቀሳቀስ የስሪዲ ሰዓት» ይበቃል። ስሪዲን በግድ አይተርጉሙት፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ሰከንድ የሚያመለክተውን ዘንግ ቃል በቃል «እጅ» እንዳይሉት። ልጆች ሰዓት ማንበብ ስናስተምር «ቆጣሪ» ነው የምንለው፦ «የሰከንድ ቆጣሪውን ይደብቃል»። ቆጣሪ ብቻውን የመብራቱን ያስታውሳል፤ «የሰከንድ» ሲቀድመው ግን ማንም አይሳሳትም።

ከሰረዙ ቀጥሎ የሚጻፈውን የአማራጩን ስም ራሱን ግን አይንኩት። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የተሠራበትን ፊደል ብቻ ነው፤ ወደ አማርኛ ከመለሱት ትእዛዙ አይሠራም። የእርስዎ ድርሻ ከጎኑ ያለው ማብራሪያ ነው።