ሰመመን ሰጪነት መርፌ ወግቶ መቀመጥ ነውን?

ውድ ጠያቂያችን፣ የሰመመን ሕክምና ለመማር እንዳሰቡ፣ ነገር ግን አንድ ዘመድዎ «በሽተኛውን በመርፌ አስተኝቶ መቀመጥ ነው» ስላሉዎት እንዳመነቱ፣ የመድኃኒቶቹም ብዛት እንደሚያስፈራዎት ጽፈውልናል።

ዘመድዎ ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱበትን ቦታ መለየት ግን ሙያውን ለማወቅ ይረዳዎታል። አጠቃላይ ሰመመን እንቅልፍ አይደለም፤ የተኛ ሰው ቢቆነጥጡት ይነቃል፣ በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ግን ሆዱ ሲከፈትም አይነቃም። ለዚህም ንቃትን የሚያጠፉ፣ ሕመምን የሚያስታግሱና እንዳስፈላጊነቱ ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች ተቀናጅተው ይሰጣሉ። ወተት የሚመስለው ፕሮፖፎል በደም ሥር ሲገባ ንቃትን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያጠፋል፤ ሆኖም የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላል። ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ኬታሚን የሚመረጠው የደም ግፊትን በተሻለ ስለሚጠብቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሰመመኑ እንደ አይሶፍሉሬን ባሉ በሚተነፈሱ መድኃኒቶች ሊቀጥል ይችላል። ጡንቻ የሚያላላው ሰክሲኒልኮሊን ደግሞ በአንድ ደቂቃ ገደማ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ጭምር ያዝላል፤ ንቃትንም ሕመምንም ግን አያጠፋም። ስለዚህ ብቻውን ከተሰጠ ሰውየው ሁሉን እየሰማ መናገር ያቅተዋል፤ በእኔ አስተያየት የሙያው ክብደት ከዚህ በላይ በግልጽ የሚታይበት ቦታ የለም።

ባለሙያው አስቀድሞ በጭምብል ለ3 ደቂቃ ያህል ኦክስጅን የሚሰጠው፣ የበሽተኛው ትንፋሽ ሲቆም የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው ለማስገባት ፋታ እንዲያገኝ ነው። ዓይኑ ጉሮሮው ላይ ሳለ ጆሮው የኦክስጅን መለኪያውን ይከታተላል፤ ኦክስጅኑ ሲቀንስ የመሣሪያው ድምፅ እየወፈረ ይሄዳልና።

መድኃኒቶቹን በተመለከተ፣ በየዕለቱ የሚያገለግሉት እንደሚፈሩት ብዙ አይደሉም፤ እያንዳንዱን ግን ከነጠባዩ ማወቅ ግድ ነው። ሒሳቡም ቢሆን ይህን ይመስላል፦ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 2 ሚሊግራም ፕሮፖፎል ቢታዘዝ 140 ሚሊግራም ይሆናል፤ አንዱ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ከያዘ የሚቀዳው 14 ሚሊሊትር ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት አስፈቅደው አንድ ረዥም ቀዶ ሕክምና ይመልከቱ። ቀዶ ሐኪሙን ሳይሆን ከበሽተኛው ራስጌ የቆመውን ባለሙያ፣ ሰውየው ነቅቶ ስሙን እስኪናገር ድረስ ይከታተሉ፤ ምንም ያልተፈጠረበት ሦስተኛው ሰዓት ካሰለቸዎት ሌላ የትምህርት ክፍል እንዲያስቡ እመክራለሁ።