ለኤልኤም 3886 አምፕሊፋየር የትኛው ትራንስፎርመር ይስማማል?

አንድ አንባቢ ኤልኤም 3886 በተባለው የድምፅ ማጉያ አይሲ (ቺፕ) በገዛ እጃቸው አምፕሊፋየር ሠርተው 28-0-28 ቮልት በሚሰጥ ትራንስፎርመር (ከመሃሉ መስመር በግራና በቀኝ 28 ቮልት ማለት ነው) ያሠሩታል፤ ስፒከራቸው ባለ 4 ኦም ነው። ድምፅ ሳይከፍቱ ሲለኩ ከመሃሉ መስመር ወደ ፖዘቲቩም ወደ ኔጋቲቩም 43 ቮልት አግኝተዋል። ድምፁ ዝቅ ሲል መልካም ይሠራል፤ ከፍ ሲያደርጉት ግን ቤዝ በመታ ቁጥር እየተንጫጫ ይቆራረጣል። የአምራቹ ዳታሺት (የቴክኒክ መግለጫ ሰነድ) በሁለቱ ወገን ድምር እስከ 94 ቮልት ይችላል ስለሚልና የእርሳቸው ድምር 86 ስለሆነ፣ አይሲው ሐሰተኛ እንዳይሆን ጠርጥረዋል።

አይሲውን ከመጣልዎ በፊት ትራንስፎርመሩን ይቀይሩ። 94 ቮልት የሚለው ቁጥር አይሲው ምንም ድምፅ ሳይገባበት ሳይቃጠል ሊቆይ የሚችልበት የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ የሥራ ቮልቴጅ አይደለም። እዚያው ዳታሺት ላይ፣ ድምፅ በሚገባበት ጊዜ የሁለቱ ወገን ድምር ከ84 ቮልት መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል፤ የእርስዎ 86 ከዚህ አልፏል። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው የመስመሩ ቮልቴጅ በ10 በመቶ ከፍ ቢል ደግሞ 43ቱ ወደ 47 ይወጣና ድምሩ 94ንም ያልፋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ትራንስፎርመር ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። 28 ቮልት ሲባል ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሚሰጠው የኤሲ ቮልቴጅ ነው፤ በዳዮድ ብሪጅ አልፎ ካፓሲተር ሲሞላ በ1.414 ተባዝቶ ዳዮዱ የሚወስደው ተቀንሶ ወደ 39 ቮልት ዲሲ ይሆናል። ጭነት በሌለበት ጊዜ ግን አነስተኛ ትራንስፎርመር 10 በመቶ ወይም ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ቴስተርዎ 43 ያሳየው ትክክለኛውን ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመር ሲመርጡ ሁለት ስሌት ያስፈልጋል፤ ኃይሉን የሚያሰሉት በጭነት ላይ ባለው ቮልቴጅ ነው፣ አይሲው ይችለው እንደሆነ የሚመረምሩት ግን ያለ ጭነት በሚገኘው፣ ለመስመሩ መዋዠቅም 10 በመቶ ጨምረው ነው።

ይህን ሁሉ ቢያስተካክሉ እንኳ ለባለ 4 ኦም ስፒከር ወሳኙ ነገር የቮልቴጁ ጣሪያ ሳይሆን ሙቀቱና የሚፈሰው አምፔር ነው፤ ጠያቂያችን እንዲይዙልኝ የምፈልገው ዋናው ነጥብም ይኸው ነው። አይሲው በከፋ ሁኔታ በራሱ ላይ የሚያቃጥለውን ኃይል ለማወቅ የሁለቱን ወገን ድምር በራሱ አባዝተው፣ የስፒከሩን ኦም በ20 አባዝተው በሚያገኙት ቁጥር ያካፍሉት። በጭነት ላይ 39 እና 39 ቢሆን ድምሩ 78 ነው፤ 78 በ78 ሲባዛ 6084፣ ለ80 ሲካፈል 76 ዋት ይሆናል። ከአይሲው እምብርት እስከ ጀርባው ብረት ድረስ ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ከጀርባው የሚታሰረው ሙቀት አስወጪ አሉሚኒየም (ሂትሲንክ) ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን እምብርቱ ከጀርባው በ76 ዲግሪ ይበልጣል። የክፍሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ቢሆንና የሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት የሚወስደው 15 ዲግሪ ያህል ቢታሰብ፣ 150 ዲግሪ ላይ እንዳይደርስ ለአሉሚኒየሙ የሚቀረው 34 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚችል አሉሚኒየም እጅግ ግዙፍ መሆን አለበት።

አምፔሩም እንዲሁ ነው። 4 ኦም ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በአንዳንድ ድምፆች ላይ ወደ 3 ኦም ይወርዳል፤ ከ39 ቮልት ተነሥቶ ጫፉ 36 ቢደርስ 12 አምፔር ይጠየቃል ማለት ነው። አምራቹ ለዚህ አይሲ ዋስትና የሚሰጠው 7 አምፔር ነው፣ የተለመደው ደግሞ 11.5 ነው። ከዚያ ሲያልፍ ስፓይክ የተባለው የውስጥ መከላከያ ድምፁን ይቆርጠዋል፤ የሚሰሙት መንጫጫት ይህ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ አይሲው ቀዝቅዞ ሳለ ወዲያው ድምፁን ከፍ ያድርጉ፤ በመጀመሪያው ቤዝ ላይ ከተቆራረጠ ጥፋቱ የቮልቴጅና የአምፔር ነው። ለደቂቃዎች ሠርቶ ከዘጋና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ግን የሙቀት ነው፤ አይሲው 165 ዲግሪ ላይ ራሱን ዘግቶ ወደ 155 ሲወርድ ይመለሳል።

እኔ ለ4 ኦም የምመርጠው 20-0-20 ነው። በጭነት ላይ በየወገኑ ከ27 ቮልት በላይ ይሰጣል፤ በዚያው ስሌት ቃጠሎው ወደ 38 ዋት ይወርዳል፣ ማለትም በግማሽ። አምራቹም ለ4 ኦም በየወገኑ 28 ቮልት ይዞ 68 ዋት ያገኛል። የሚያጡት ድምፅ 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ ጆሮ ድምፅ እጥፍ ሆነ የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር መሆኑን ያስታውሱ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ቢኖርዎት እስከ 24-0-24 መሄድ ይችላሉ። 25-0-25 ግን መስመሩ ከፍ ባለ ቀን ልክ 84 ቮልት ጫፍ ላይ ስለሚያቆም እኔ አልገጥመውም።

በሌሎች አይሲዎችም ስሌቱ ያው ነው። ቲዲኤ 2030 በየወገኑ የሚችለው 18 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ ምንም የማያደርግ የሚመስለው 12-0-12 ትራንስፎርመር ያለ ጭነት 18 ቮልት ላይ ይቆማል፤ በዚህ የተቃጠሉ ብዙ ቦርዶች ጠረጴዛዬ ላይ አይቻለሁ።

አዲሱን ትራንስፎርመር ሲገጥሙ አስቀድመው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ካፓሲተሮቹንም በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አፍስሰው ዜሮ አጠገብ መድረሳቸውን በቴስተር ያረጋግጡ። የአይሲው ጀርባ ብረት ከሆነ ከኔጋቲቩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሚካ በተባለው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ንጣፍ ከአሉሚኒየሙ ለይተው ይግጠሙት። በፕራይመሪው (ከሶኬቱ ጋር በሚገናኘው የትራንስፎርመሩ ወገን) ላይ ፊውዝና በተከታታይ የተገጠመ 60 ዋት ክር ያለው አምፖል ያድርጉ፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀጠለ ወዲያው ያጥፉ። ስፒከሩን ሳያገናኙ መውጫው ላይ ዲሲ ይለኩ። ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት ካልበለጠ ስፒከሩን ይግጠሙ፤ በቮልት የሚቆጠር ከሆነ ግን የስፒከሩን ጥቅል ስለሚያቃጥል፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ አይግጠሙት።